የውሰት መዝገቡ ምን ይላል?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ ከአንድ ነጋዴ አባል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ «እናንተ ሱቅ ስለምትውሉ ሰውን ሁሉ ታያላችሁ፤ ስለ ስልክና ስለ ንባብ አንድ ነገር በሉን» ሲለን መጀመሪያ አመንትተን ነበር። እኛ 12ኛ ክፍል ጨርሰን ወደ ንግድ የገባን ሰዎች እንጂ ምሁራን አይደለንምና። ኋላ ግን አንድ ነገር ስለገጠመን እሺ አልን። ንግግራችንንም ከዚያው እንጀምራለን።

እንደምታስታውሱት ለበዓሉ ዝግጅት አዳራሹ ሲጸዳ፣ ጥግ ላይ ያለውን የመጻሕፍት ቁም ሳጥን የመክፈት ሥራ ለእኛ ደረሰን። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ መቆለፊያውን በመጋዝ ቆረጥነው። መጻሕፍቱ አቧራ ከመልበሳቸው በቀር ደኅና ናቸው። ከዝርዝሩ ጋር ስናመሳክራቸው የጎደለው አንድ ብቻ ነው። ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን እኛ ነጋዴዎች ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ካልጎደለ ገበያ የለም ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ከመጻሕፍቱ ሥር የውሰት መዝገቡ ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጢም ብለው ተጽፈዋል። ያን ጊዜ መጽሐፍ የምናገኘው በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው አደራ እየሰጠን ነበር። ለሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወረፋ የያዙ ሰዎች ስም በተርታ ተጽፎ አይተናል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። በአንድ ገጽ የሦስት ወር ውሰት የነበረው በአንድ ገጽ የሁለት ዓመት ይሆናል። የመጨረሻው ውሰት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የተዋሰው ማን እንደሆነ ስንነግራችሁ አትሳቁብን፤ እኛው ነን። የጎደለውም መጽሐፍ እኛ ዘንድ ያለው ነው።

ቤት ገብተን ስንፈልገው ከሻንጣ ሥር ተገኘ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ገጽ 38 ላይ የሱቃችን ደረሰኝ እንደ ምልክት ገብቶበታል። ይህ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲታገድ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይዞር ነበር። እኛም በተማሪነታችን ደርሶን፣ ለሚቀጥለው ሰው ቶሎ ማስረከብ ስላለብን በሁለት ሌሊት በኩራዝ ጨርሰነዋል። በሁለት ሌሊት የጨረስነውን መጽሐፍ ዛሬ መብራት እያለን ከአሥር ዓመት በላይ ገጽ 38 ላይ ቆመንበታል ማለት ነው።

ወገኖቻችን፣ ነገሩን ያነሳነው ልጆቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በስብሰባችን ሁሉ «ልጆቹ ስልክ ላይ ተጣዱ፣ አማርኛ ማንበብ እምቢ አሉ» እንላለን። በመዝገቡ ላይ የቀነሰው ግን የልጆች ስም ሳይሆን የእኛ የወላጆች ስም ነው።

እኛ ለንባብ ባዕድ የሆንን ትውልድ አይደለንም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሕፃናት ነበርን። እናቶቻችን ቀኑን በሥራ ደክመው፣ ማታ ደብተራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፊደል ሊቆጥሩ ሲሄዱ አይተናል። ኢትዮጵያም ለዚያ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች። አዲስ አበባ የኖርን ደግሞ መጽሐፍ ተከራይተን፣ አራት ኪሎ ቆመን ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተን አንብበናል። ማንበብ ያልቻለውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ሲተርክ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ ነበር። ስለዚህ ጠፋ የምንለው ነገር ከቤታችን የወጣ እንጂ ድሮም ያልነበረን አይደለም።

በሌላ በኩል ስልክን በደፈናው መርገም ውለታ ቢስነት ይሆናል። ማኅበራችን ሲቋቋም አገር ቤት ለመደወል ገንዘብ እናጠራቅም እንደነበር፣ መርዶ ከወራት በኋላ በሰው እጅ ይደርሰን እንደነበር አንረሳም። ዛሬ ሠርጉንም ልቅሶውንም በዚያው ዕለት እናየዋለን። ኤም-ፔሳ እዚህ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ሱቅ ያለ ስልክ አይከፈትም። ስለዚህ «ስልኩን ወርውሩት» የሚል ምክር ይዘን አልመጣንም። እኛም አንወረውረውምና።

የመጣነው ከሙያችን አንድ ምሥጢር ልንነግራችሁ ነው። ሱቃችን የገባ ሰው ከረሜላና ብስኩት የት እንደተደረደረ ያውቃል። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሕፃን ዓይን ትክክል ነው። እዚያ ያኖርነው በአጋጣሚ አይደለም። እናት ሒሳብ ስትቆጥር ልጁ እጁን እንዲሰድ ነው። ስልኩን የሠሩትም ነጋዴዎች ናቸው። እነርሱም ከረሜላቸውን በዓይናችን ትክክል አስቀምጠውታል። በነፃ የሚሰጡን መተግበሪያዎች ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የሚሸጠው እኛ ዓይናችንን እዚያ ላይ ባቆየንበት ልክ ነው። በነፃ የሚታደል ዕቃ ያየ ነጋዴ «ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የሚሸጠው የእኛ ጊዜና ልብ ነው።

መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሰው ቀና ብሎ ሰዓት ያያል። በስልኩ ላይ ግን ጣት ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ ማለቂያ የለውም። ይህን ማለቂያ የሌለው ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ራሱ ኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል።

ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚወራ ነገር ስላለ እውነቱን ከወሬው መለየት ይገባል። «የሰው ልጅ ትኩረት ወደ 8 ሰከንድ ወርዶ ከወርቃማ ዓሣ አነሰ» የሚል ወሬ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ተሰራጭቷል፤ ይህ የረባ ጥናት የሌለው ወሬ ነው። በትክክል የተለካው ሌላ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ እ.ኤ.አ. በ2004 የቢሮ ሠራተኞችን ሲከታተሉ፣ ሰው የኮምፒዩተር ገጹን ሳይቀይር የሚቆየው በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር። ከዓመታት በኋላ ይኸው ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2018 የስፔንና የእስራኤል ተመራማሪዎች፣ ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ከወረቀት ሲነበብ ከስክሪን ይልቅ በተሻለ ሁኔታ እንደሚገባ አግኝተዋል። ልዩነቱ ከፍ የሚለው አንባቢው በጥድፊያ ላይ ሲሆን ነው። የእኛ አንባቢ ደግሞ በማታቱ ተሳፍሮም ሱቅ ቆሞም ያው ጥድፊያ ላይ ነው። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉትን ዛሬ በሰዓት ለክተው ነገሩን።

ጉዳቱ ከመጽሐፍ አልፎ ማኅበራችንንም ነክቷል። ባለፈው ጊዜ ስለ እድር መዋጮ በስልክ ቡድናችን የተላለፈውን መልእክት ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው መስመር «የወር መዋጮ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር» ይላል። በአራተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ኮሚቴው ሐሳቡን እንዳልተቀበለው ተጽፏል። ግን አራተኛው አንቀጽ ድረስ ማን ሄደ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድብ ቀረሽ መልስ ተጥለቀለቀ። ሃያ ዓመት ቡና የተጣጡ ሁለት ቤተሰቦች ለወራት ተኳረፉ፤ ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ በዓልም ለየብቻ ዋሉ። ሽማግሌዎቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉታል ይህ ነው። ሰምተው ሳይጨርሱ መፍረድ ድሮም ነውር ነበር፤ አንብቦ ሳይጨርሱ መፍረድም እንዲሁ ነው።

ወደ ልጆቻችን እንምጣ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ በመንገድ ሼንግ ይናገራሉ። አማርኛውን በጆሯቸው ይሰሙታል፤ ፊደሉን ግን በዓይናቸው አያገኙትም። ለአያታቸው ሲጽፉ እንኳ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ አያት ደግሞ ላቲን አታነብም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ሆነው 231 ናቸው፤ በየቀኑ ካልታዩ ይጠፋሉ። ታዲያ ስልኩን ማን ሰጣቸው? ሱቅ ስንውል እንዳይረብሹን፣ ዝም እንዲሉልን ብለን የሰጠናቸው እኛ ነን። ዝም አሉልን። አሁን ደግሞ ለምን አያወሩንም እንላለን።

መዝገቡን ካገኘንበት ሳምንት ጀምሮ እቤታችን አንድ ነገር ሞክረናል። ቅዳሜ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሁላችንም ስልክ መሶብ ውስጥ ይገባና ይከደናል። የእኛም፣ የእናታቸውም፣ የልጆቹም። እያንዳንዱ ደስ ያለውን ያነባል። የመጀመሪያው ቅዳሜ አሳፋሪ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ «ዕቃ አምጪው ደውሎ ይሆናል» ብለን ወደ መሶቡ ተነሣን። ሁለተኛው ላይ የ14 ዓመቱ ልጃችን «አባዬ፣ እራት አልቋል እኮ፤ መሶቡን ለምን ትከፍታለህ?» አለን። ስቀን ተቀመጥን። አራት ገጽ ብቻ አንብበን ነበር። በአምስተኛው ቅዳሜ ግን ሰዓቱ ማለቁን ሳናውቀው አለፈ። «ኦሮማይን» ጨርሰን ትናንት ወደ ቁም ሳጥኑ መልሰነዋል። ቅጣት ካለው ገንዘብ ያዡ ይንገሩን።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ግን የሚከተለው ነው። እናታችን ደሴ ናቸው። ማንበብ የተማሩት በዚያ ዘመቻ ነው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ልጃችን ከዚሁ ቁም ሳጥን ያወጣውን የተረት መጽሐፍ እሑድ እሑድ በስልክ ያነብላቸዋል። ሲጀምር አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። እሳቸውም «ቀስ በል የኔ ጌታ፣ እኔም እንደዚህ ነበርኩ» እያሉ፣ «ጠ»ን «ተ» ሲልባቸው ያርሙታል። ባለፈው እሑድ ሱቅ በዝቶብን ዘግይተን ስንገባ፣ እሱ ራሱ ደውሎ እያነበበላቸው ደረስን። ስልኩ ያው ስልክ ነው፤ መጽሐፉም ያው መጽሐፍ ነው። የተለወጠው የሁለቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

በመሆኑም ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቁም ሳጥኑ በየሳምንቱ ከልጆቹ የአማርኛ ትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይከፈት፤ በየተራ ሁለት ሁለት ወላጅ ይቀመጥበት፤ የመጀመሪያውን ወር እኛ እንይዛለን። ሁለተኛ፣ በስብሰባችን ጊዜ ስልኮቻችን ተዘግተው ይቀመጡ፤ በቡድናችን የሚተላለፈውንም መልእክት እስከ መጨረሻው ያላነበበ ሰው አይመልስ። ሦስተኛ፣ ልጆቻችን አያት ላላቸው ሁሉ በሳምንት አንድ ገጽ በስልክ ያንብቡ፤ ወላጅም አጠገባቸው ይቀመጥ።

አዲስ የውሰት መዝገብ ከሱቃችን አምጥተናል፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዋጋ አንጠይቅበትም። የመጀመሪያውን መስመር ግን ባዶ ትተነዋል። እኛ እንዳንጽፍበት ያለፈው መዝገብ ላይ የተውነው ስም ያሳፍረናል። ከልጆቻችን አንዱ መጥቶ፣ ስሙን በራሱ እጅ፣ በራሱ ፊደል እንዲጽፍበት እንፈልጋለን። ማኅበራችን 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር እኛ ብዙዎቻችን አንኖር ይሆናል። ያን ጊዜ ይህን ቁም ሳጥን የሚከፍት ሰው መጋዝ እንዳያስፈልገው ማድረግ ግን ዛሬ በእጃችን ነው።

ፈጣሪ ማኅበራችንን ይጠብቅልን፤ በያለንበት ሰላሙን ያብዛልን።