የአጥር ሠሪው ሙያና የችግኙ ዕጣ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)




በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው። ስለ አጥር ሠሪ ሲነገር ግን አይሰማም። ሆኖም አንድ አባል ከማኅበሩ በዱቤ የወሰደው የፖም ወይም የአቮካዶ ችግኝ ለፍሬ መብቃቱ በአመዛኙ በዚሁ ሰው እጅ ላይ ነው። ችግኙ ክረምቱን በዝናብ ያልፋል፤ ፈተናው የሚመጣው አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ በየማሳው ሲለቀቅ ነው። የሁለት ዓመት ልፋት ለማጥፋት ለአንዲት ፍየል አንድ ጠዋት ይበቃታል።

ሙያውን የሚያውቅ አጥር ሠሪ መቆፈር ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ወሰኑ የት እንደሆነ ነው። ጎረቤትየውን አስጠርቶ የወሰኑን ድንጋይ አብረው ሳያዩ ገመድ አይዘረጋም፤ በስንዝር መሬት የተጀመረ ክርክር ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ ያውቃልና። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መኖሩም ይህን ጥንቃቄ አላስቀረውም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚከለከለው እንስሳ ምን እንደሆነ ነው። በሬ በደረቱ ስለሚገፋ ቋሚው ጠለቅ ማለት አለበት። በግ ከሥር ስለሚሾልክ የታችኛው ማገር ወደ መሬት ይጠጋል። ፍየል ስለምትንጠላጠል ጫፉ ላይ እሾህ ይደረባል። ማገሩ የሚታሰርበት ልጥ ደግሞ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እርጥቡን ይታሰራል፤ ሲደርቅ ራሱ ያጠብቃል።

ቋሚው ከምን እንጨት ይሁን የሚለው ዛሬ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጥድና ወይራ ምስጥን ስለሚቋቋሙ አባቶች የሚመርጡት እነርሱን ነበር። አሁን ጥድ በብዙ ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽርና ከተከለሉ ደኖች ውጭ ተመናምኗል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቦታውን ወስዷል፤ ይሁንና ምስጥ በሚበዛበት አገር እግሩ ቶሎ ይበላል። ለዚህ ሲባል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለምዷል። ዘይቱ አፈር ስለሚበክል በውኃ ጉድጓድና በአትክልት አጠገብ ባይደረግ ይመረጣል።

ድንጋይ በማይታጣበት እንደ መንዝ ባለ ደጋ አገር አጥሩ ካብ ነው። ካብ ላላየው ሰው ድንጋይ መደርደር ይመስለዋል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ተቆፍሮ በተገኘ ጠንካራ መሬት ላይ ያርፋል። ካቡ በሁለት ፊት ይሠራና መሐሉ በስብርባሪ ድንጋይ ይሞላል፤ አፈር አይደረግበትም፣ አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ ካቡን ይገፋዋል። የላይኛው ድንጋይ በታችኞቹ ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ መቀመጥ አለበት። በየመሐሉ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይጋደማል፤ ይህ የተዘለለበት ካብ ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ነፍቶ ይፈርሳል። ወርዱም ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ይህ ሙያ የት እንደሚያደርስ ለማየት ኮንሶን መመልከት ነው። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚያ ምድር የእርከኑ ካብ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ መንደሮቹም ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። የቆሙትም በየጊዜው ስለሚጠገኑ ነው።

ድንጋይም ጥድም ለሌለው አባል የሚቀረው ሕያው አጥር ነው። ቅንጭብ ተቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ይቆይና ይተከላል። ወተቱ ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕፃናት እንዳይቀርቡ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮርች ወፈር ያለ ጉማጁ ከተተከለ ይበቅላል፤ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነም ለአፈሩ ይጠቅማል፣ ቅጠሉም መኖ ይሆናል። በመካከላቸው አጋምና ቀጋ ክፍተቱን ይደፍናሉ። ጉድለቱ ለመግጠም ዓመታት መፈለጉ ነው። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ደረቅ የእሾህ አጥርና ሕያው አጥር በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ ደረቁ ሲበሰብስ ሕያዉ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰዎች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሥራው በደቦ ስለሚሠራ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ ወጣቱም ሽቦ ከገዙ ያለቀ ይመስለዋል። ማኅበራትም ቢሆኑ የችግኝ ብድር ሲያሰሉ የጉድጓዱንና የማዳበሪያውን ይይዙና አጥሩን ለአባሉ ይተዉታል። ይህ ስሌት የተሳሳተ ነው። የአጥሩ ወጪ ከችግኙ ጋር አብሮ ቢያዝ፣ አንድ ነባር አጥር ሠሪም በየቀበሌው ጥቂት ወጣቶችን ይዞ በአባላት ማሳ ላይ እያሠራ ቢያስተምርና አበል ቢከፈለው ከማኅበራት አቅም በላይ አይሆንም። የኮርች ጉማጅና የቅንጭብ ቁርጥ ግን ለሰኔ ዝናብ ተዘጋጅቶ መገኘት ስላለበት ውሳኔው ከግንቦት ባያልፍ ጥሩ ነው።