ስለ አንድ ላፕቶፕ መታመምና መዳን

በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ



በዚህ ታላቅ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከልብ ነው። ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረትና ስለ ተመራቂዎቹ ብዙ መልካም ነገር አሰምተውናል። የእኛ ነገር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ነገር ግን ለበዓሉ የሚታተመው መጽሐፍ ሳይታተም ሊቀር ጥቂት የቀረው በዚሁ ላፕቶፕ ምክንያት ስለ ሆነ ታሪኩን ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ወደድን። ደግሞም ይቅርታ ልንጠይቃቸው የሚገባን ታናናሾቻችን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ለመጽሐፉ ሥራ የተመረጥነው 7 ተማሪዎች ከጥቅምት ጀምሮ የሰበሰብነውን ሁሉ ያኖርነው በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነበረ። ከአሮጌ አልበሞች የተቀዱ ፎቶግራፎች፣ የመምህራን ጽሑፎችና የተማሪዎች ግጥሞች ነበሩበት። ከሁሉም በላይ ግን 38 ዓመት በራችንን የጠበቁት ሽማግሌ አባታችን ስለ ቀድሞው ዘመን ያጫወቱን የ40 ደቂቃ ድምፅ ነበረበት። እርሳቸው ባለፈው ጥር ዐርፈዋል። እንግዲህ ያ ድምፅ ቢጠፋ ተመልሰን የምንጠይቃቸው አልነበረም።

በመጋቢት ወር አንድ ሰኞ ቀን ፎቶግራፎች ለማሳተም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የላክነው ፍላሽ ተመለሰና ከላፕቶፑ ላይ ሰካነው። ፎልደሮቻችን ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው አገኘናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑ እጅግ ዘገየ፤ ያልጠራናቸው ገጾች በራሳቸው እየተከፈቱ ማስታወቂያ ያሳዩን ጀመር፤ አንቲቫይረሱም ጠፍቶ ተገኘ፤ ብናበራውም መልሶ ይጠፋል። እኛም ወዲያው «የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ቫይረስ ሰጠን» እያልን ለሰው ሁሉ አወራን።

እዚህ ላይ ነገሩን ላላወቁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። የኮምፒዩተር ቫይረስ እንደ ጉንፋን በነፋስ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው አስቦ የጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። በፒሲ ላይ ከተነሡት የመጀመሪያው ነው የሚባለው ብሬን እ.ኤ.አ. በ1986 ላሆር በተባለችው የፓኪስታን ከተማ በሁለት ወንድማማች ተጽፎ፣ በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ሌሎች አገሮች ደረሰ። ዛሬ የፍሎፒውን ቦታ ፍላሽ ወስዶታል። የቀስቱም ተንኰል እንዲህ ነው፤ እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በስሙ ሾርትከት ያቆማል። ሰው ሾርትከቱን ሲከፍት ክፉው ፕሮግራም ሥራውን ይጀምራል፤ ፎልደሩም እንደ ወትሮው ስለሚከፈት ባለቤቱ ምንም አይጠረጥርም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በ150 ገደማ አገሮች የኮምፒዩተሮችን ፋይል ቈልፎ ማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ከ2 ወር በፊት አውጥቶት ነበር።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። ከመካከላችን እኩሌቶቹ «በአንቲቫይረስ ይጠረግ» አሉ፤ እኩሌቶቹ «ሁሉ ተደምስሶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ገና ይጫን» አሉ። ሁለት ጊዜ ጠረግነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ማሽኑ «ንጹሕ ነኝ» አለን፤ በሦስተኛው ቀን ቀስቶቹ ተመለሱ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባን። የታመመውን ማሽን ስለ ጤናው የምንጠይቀው ራሱን ነበረ። ሌባው ገብቶ የዘበኛውን ልብስ ከለበሰ በኋላ «ቤቱ ደኅና ነውን?» ብሎ እርሱኑ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ማሽኑ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከዚያ ወዲያ የሚታመን አልነበረም።

በዚህ ስንከራከር ከእኛ አንዱ ተነሥቶ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። በገና ሰሞን የመጽሐፉን ገጽ የምናዘጋጅበት ፕሮግራም ዋጋው ከዐቅማችን በላይ ሆኖ ስላገኘው፣ ክራክ የሚሉትን የስርቆሽ መክፈቻ ከኢንተርኔት አውርዶ ጭኖ ነበር። መክፈቻው አስቀድሞ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ አዘዘው፤ እርሱም አጠፋ። እንዲህ ያለው ወጥመድ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ክሪፕትቦት የተባለ ፕሮግራም ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው የዊንዶውስ መክፈቻ ስም ተደብቆ ሲሠራጭ መገኘቱን የኮምፒዩተር ጥበቃ ባለሙያዎች አስታውቀዋል። እርሱም ይህን የሠራው ለሁላችን ብሎ ነው፤ እኛም ፕሮግራሙ ከወዴት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ስንሠራበት ከረምን። ስለዚህ ጥፋቱ የሁላችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ እርሱ ባይናገር ኖሮ መክፈቻውን ከሌላው ጋራ ቀድተን ወደ አዲሱ ቤት መልሰን ባስገባነው ነበር። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ምናልባት በሽታውን ወደ እርሱ የወሰድነው እኛ ነንና። እርሱም ሰምቶ የራሱን ኮምፒዩተር አስመረመረ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በተራ ጀመርን። አስቀድመን ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ለየነው። የምንጭነውንም መረጥን። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት መሣሪያ ይፈልጋል፤ የእኛ አሮጌ ማሽን ይህ የለውም። ስለዚህ ማንም ሳይሰርቅ በነጻ ሊጠቀምበት የተፈቀደውን ሊኑክስ ሚንትን መረጥን። የመጫኛውንም ፋይል ያወረድነው በታመመው ላፕቶፕ ሳይሆን በቤተ መጻሕፍቱ ንጹሕ ኮምፒዩተር ነው።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ትክክለኛ መሆኑን ሳንመረምር አልተጠቀምንበትም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው፣ በእውነተኛው ፋይል ፈንታ የተመረዘ ፋይል እንዲወርድ አድርገው ነበር። መመርመሪያው ሻ-256 የሚባል ስሌት ነው፤ ከፋይሉ ውስጥ 64 ፊደልና ቍጥር ያወጣል። ፋይሉ በአንዲት ነጥብ እንኳ ቢለወጥ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። የእኛን አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ ሠሪዎቹ ካወጡት ጋራ አስተያየነው፤ ገጠመ። ከዚያም በአዲስ ፍላሽ ላይ ጻፍነው።

ቀጥሎም ላፕቶፑን ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ አስነሣነው። ሊኑክስ ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ሆኖ መሥራት ይችላል። በዚህ ጊዜ አሮጌው ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ተኝቷል፤ ቫይረስ የሚሠራው ትእዛዙን የሚፈጽምለት ሲያገኝ ብቻ ነውና። የታመመውንም ፍላሽ በዚህ ስንከፍተው ቀስቶቹ እዚያው ነበሩ፤ ነገር ግን በዊንዶውስ ተሰውረው የነበሩት እውነተኛ ፎልደሮች ከአጠገባቸው ተገልጠው ታዩ። በደስታ ጮኽን። ፎቶግራፎቹን፣ ጽሑፎቹንና የአባታችንን ድምፅ ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳን፤ ፕሮግራሞችን፣ ሾርትከቶችንና ያን የስርቆሽ መክፈቻ ግን አንዱንም አላነሣንም። ከዚህ በኋላ ዲስኩን በሙሉ ደምስሰን አዲሱን ጫንን፤ የታመመውንም ፍላሽ ፎርማት አደረግነው። መጫኑ ራሱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው፤ ድካሙ ሁሉ ከእርሱ በፊት ባለው ላይ ነበረ።

አሁን የሚከብደን ቃል ደረሰ። የ10ኛ ክፍል ታናናሾቻችን 6 ግጥሞች ጽፈው ሰጥተውን ነበር። ግጥሞቹ የተቀመጡት በዚያው ላፕቶፕ ላይ በሌላ ተጠቃሚ ስም ሥር ነበረ፤ እኛም የራሳችንን ስም ብቻ አይተን ያን ሳንከፍት ደመሰስን። ከ6ቱ 4ቱን ጸሐፊዎቹ ከደብተራቸውና ከቃላቸው መልሰው ጻፉልን፤ 2ቱ ግን ጠፍተው ቀሩ። ከመጽሐፉ ውስጥ ባታገኟቸው ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ አይደለም፤ የእኛ ነው። ታናናሾቻችን ሆይ፣ በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅር በሉን።

ከዚህም የተነሣ የተማርነውን እንተውላችሁ። የይለፍ ቃላችንን የለወጥነው በንጹሕ ማሽን ነው፤ በታመመው ላይ መለወጥ አዲሱን ቍልፍ ለሌባው ማቀበል ነውና። ከመደምሰስ በፊት በማሽኑ የተጠቀሙትን ሁሉ ጠርቶ «ያንተ ነገር ከየት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ እኛ ይህን አላደረግንም። የከበረን ነገር በ3 ቅጂ፣ በ2 ዐይነት ማኖሪያ፣ አንዱንም በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ የባለሙያዎች ምክር ነው። ዲስክን መደምሰስ እንኳ ሁልጊዜ የሚያድን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገለጠው ሎጃክስ በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ላይ ተደብቆ ከዲስኩ መደምሰስ በኋላ የሚተርፍ ነበረ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ከፈውስ እንደሚበልጥ ያስተምራል።

የሽማግሌው አባታችን ድምፅ ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በዲሬክተራችን ቢሮና ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። ከዚህ ንግግር በኋላ መስማት የሚፈልግ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይምጣ፤ አሮጌው ላፕቶፕ ራሱ ያሰማዋል። እኛ በሰኔ እንሄዳለን፤ ላፕቶፑን ግን ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ንጹሕ አድርገን፣ ያደረግነውንም ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፈን እናስረክባለን። በደብተሩ የፊተኛ ገጽ ላይ የጠፉት የ2ቱ ግጥሞች አርእስት ተጽፏል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።