የወይን ጠባቂዋ ፊት

(በእሁድ የእህቶች ጉባኤ የቀረበ ትምህርት፤ መኃልየ መኃልይ 1፥5-6)

ከስድስት ቀን ሥራ በኋላ ደክሟችሁ የመጣችሁትን ጌታ ይባርካችሁ። የመውጫ ፈቃድ አጥታችሁ ይህችን ወረቀት በእህት እጅ ተልካላችሁ የምታነቡትንም እንዲሁ ይባርካችሁ።

ዛሬ የምንማረው ስለ መልካችን ነው። መንፈሳዊ ነገር አይመስልም። ነገር ግን አብረን ስንጸልይ ደጋግሜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። «ጠቁሬአለሁ፣ አርጅቻለሁ፣ በዚህ ፊቴ እንዴት ብዬ አገሬ እገባለሁ?» ትላላችሁ። አንዲት እህታችን ለእናቷ ቪዲዮ ከከፈተች ብዙ ወር አልፏታል። በድምፅ ብቻ ነው የምታናግራት። ልጅን ከእናቷ የሚሸሽግ ነገር ከሆነ ደግሞ በቃሉ ፊት ልናቀርበው ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስ የያዛችሁ ክፍሉን አውጡና በኋላ ተረጋግታችሁ አንብቡት። እዚያ የምትናገረዋ ሴት ለኢየሩሳሌም ሴቶች ስለ ፊቷ ታስረዳለች። ጥቁር እንደሆነች ትናገራለች፤ ውብ እንደሆነችም ትናገራለች። አትኩረው እንዳያዩዋት ትለምናለች። ያጠቆራት ፀሐይ ነው። ወንድሞቿ ተቆጥተው የወይን ቦታ ጠባቂ አደረጓት። የሰው ወይን ስትጠብቅ የራሷን ሳትጠብቅ ቀረች። እህቶቼ፣ ይህችን ሴት እናውቃታለን። ከእሷ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ፊቷ የሚናገረው ስለ ሥራዋ ነው እንጂ ስለ ነውሯ አይደለም።

የሚያዩዋት ሴቶች ጥላ ሥር የዋሉ ናቸው። ጥላ ሥር የሚውል ሰው ደግሞ በፀሐይ የሚሠራለት ሌላ ሰው አለው። ስለዚህ ፊቷ የጠቆረው ከእነሱ አንሳ ሳይሆን ሠርታ ነው። እኛም በረንዳ እናጥባለን፣ ልብስ እናሰጣለን፣ ምድጃ ሥር እንቆማለን። እጃችን በክሎሮክስ ተሰነጣጥቋል። ማዳም ቤት ያለውን ትልቅ መስታወት በየቀኑ የምንወለውለው እኛ ነን። ስንወለውል ደግሞ ራሳችንን የምናየው በጨርቅና በሳሙና መካከል፣ ላብ በላብ ሆነን፣ ከማዳም ፎቶ አጠገብ ነው። በዚያ ሰዓት የሚታየን ሰው ትክክለኛው መልካችን ነው ብለን አንፍረድ። ያ የተሰነጠቀ እጅ የወንድምሽን ትምህርት ቤት ከፍሏል፣ የእናትሽን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሷል። ያንን እጅ ጌታ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ራሳችንን እንመርምር። ቀለም መደርደርን የተማርነው እዚህ አገር ብቻ አይደለም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ከቤታችን ይዘነው መጥተናል። «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» እንላለን። ያቺ «ግን» ክፉ ናት። በዚህ ክፍልም ብዙ ትርጉሞች በጥቁርነቷና በውበቷ መካከል «ግን» ያስገባሉ። በዕብራይስጡ ያለችው ግን አንዲት ፊደል ናት፤ እንደ ግእዙ «ወ» ያለች። «እና» ተብላም «ግን» ተብላም ልትተረጎም ትችላለች። እኔ «እና» ብዬ አነባታለሁ። ጥቁርነቷ ለውበቷ እንቅፋት አልሆነም። እርስ በርሳችን ስንነጋገርም ያቺን «ግን» ከአፋችን እናውጣት።

ሁለተኛ፤ ማን እንደሚያይሽ እወቂ።

በዘፍጥረት ውስጥ ሣራ መልከ መልካም እንደነበረች ተጽፏል፤ በግብፅ ሳሉ ውበቷ እስከ ፈርዖን ቤት ተሰማ። ስለ አገልጋይዋ ስለ አጋር መልክ ግን አንድ ቃል አልተጻፈም። አጋር የሰው አገር ልጅ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። እመቤቷ አስጨነቀቻትና ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። ምዕራፍ 16ን አንብቡ። የጌታ መልአክ ያገኛት በውኃ ምንጭ አጠገብ ነው። በስሟ ጠራት፣ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እሷም የሚያያት አምላክ እንደሆነ ተረድታ ለተናገራት ጌታ ስም አወጣችለት። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ምዕራፍ ለእግዚአብሔር ስም ያወጣችው እመቤቲቱ አይደለችም፤ ሠራተኛዋ ናት።

ከእኛ መካከል ገና በገባችበት ቀን ፀጉሯን የተቆረጠች አለች። በስሟ ሳይሆን በሌላ ስም የምትጠራ አለች። ለቤቱ እንግዳ ስትታይ ሰው ሳትሆን ዕቃ የመሰላት አለች። ያ ዓይን አለ፤ የለም አልልም፤ ያማል። ነገር ግን የመጨረሻው ዓይን እሱ አይደለም። ሳሙኤል በእሴይ ቤት የልጆቹን ቁመና ሲያይ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንደሆነ ተነግሮታል። ስለዚህ እናትሽን በቪዲዮ ደውዪላት። ፊት በሚያቀላው ፊልተር አይሁን፤ በራስሽ ፊት ይሁን። «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ትልሽ ይሆናል። ታልቅስ፤ አንቺም አልቅሺ። እናት ያማረ ምስል አይደለም የናፈቃት፤ አንቺን ነው።

ሦስተኛ፤ የራስሽን ወይን ጠብቂ።

ሴቲቱ የሚቆጫት አንድ ነገር ነው፤ የራሷ ወይን ተረስቷል። ሰውነታችን ጌታ የሰጠን የወይን ቦታ ነው። መጠበቅ ማለት ግን መፋቅ ማለት አይደለም። ፊት ስለሚያቀሉት ክሬሞች በግልጽ እናገራለሁ፤ ከደመወዛችን ላይ ተቆርጠው እየተገዙ ነውና።

በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እርጉዝ ብትሆኚ ፅንሱን ይጎዳል። በእጅና በፎጣ ወደ ሌላ ሰውም ይተላለፋል፤ የምታቅፊውን ሕፃን አስቢ። ብዙ አገሮች በተስማሙበት የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያለ ክሬም ከ2020 ጀምሮ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሸጥ ተወስኗል፤ ግን ዛሬም በድብቅ ይሸጣል። ዕቃው ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ካለ፣ ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ የሚል ካለ፣ ወይም ምን እንዳለበት ጭራሽ ካልተጻፈ አትንኪው። ዓረብኛው ካላስነበበሽ ሰይደሊያ ገብተሽ «ዚእበቅ አለበት?» ብለሽ ጠይቂ።

በሌሎቹ ውስጥ ኮርቲዞን አለ። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም ዘንድ አትደበቁ፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። እዚህ ማንም አይስቅባችሁም።

የሙሴን እህት የማርያምን ታሪክም አስታውሱ፤ ዘኍልቍ 12 ላይ ነው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ አማችው። ቆዳዋ በድንገት ነጣ። ያ ንጣት ለምጽ እንጂ ውበት አልነበረም፤ ሙሴም እንድትድን ጮኾ ለመነላት።

ታዲያ ወይናችንን እንዴት እንጠብቅ? በክሎሮክስ ስትሠሩ ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ በትሕትና ጠይቁ። ክሎሮክስን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ማታ እጃችሁን ታጥባችሁ ቫዝሊን ወይም የወይራ ዘይት ተቀቡ። ውኃ ጠጡ። ስታገኙ ተኙ፤ ማታ በስልክ የምናጠፋውን ሰዓት ራሳችን እናውቀዋለን።

«ሹሩባ መሠራት፣ ማጌጥ ኃጢአት ነው ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ አለች። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ጌጣችን የውጭው ብቻ እንዳይሆን፣ የልብም ሰው እንዲያጌጥ ይመክራል። እንደሚገባኝ ፀጉራችንን እንድንጠላው አላዘዘም። እሁድ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ወርዳችሁ እህት እህቷን ስትሠራት፣ ራሷን ጭኗ ላይ አስደግፋ ስትጎነጉንላት፣ እኔ እዚያ ፍቅር አያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ማንም በመልካም ያልነካውን ራስ በመልካም መንካት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠሽን ለማክበር ታጌጫለሽ ወይስ ለመሰረዝ?

በመጨረሻ ለሳምንቱ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ ለአንዲት እህት፣ ያለ «ግን»፣ ስለ ፊቷ ወይም ስለ እጇ አንድ መልካም ቃል ንገሯት። በር ተቆልፎባት መውጣት ለማትችለው በድምፅ መልእክት ላኩላት።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ አጋርን በምድረ በዳ ያየሃት አንተ ነህ። በየፎቁ፣ በየወጥ ቤቱ ያለነውን ልጆችህን እይ። በፀሐይ የጠቆረውን ፊታችንን፣ በሥራ የተሰነጠቀውን እጃችንን ባርክ። የሰው ወይን ስንጠብቅ የራሳችንን እንዳንረሳ አስበን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።