የቀለለ ዊንዶውስ በአንድ ሲዲ

ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ማይክሮሶፍት የመከረው ራም 128 ሜጋባይት ነበር። ለደካማ ኮምፒውተር ግን ይህም መጠን ይከብድ ነበር። ብዙዎች መላ ያገኙት ኤንላይት ከተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ የኤክስፒ መጫኛ ሲዲ ይዘት በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ኮፒ ይደረጋል። ከዚያ ኤንላይት የዊንዶውሱን ክፍሎች ዝርዝር ያቀርባል፤ ጌሙ፣ የማይጽፉበት ቋንቋ ኪቦርድ፣ የሌለዎት ፕሪንተር ድራይቨር እየተመረጠ ይወጣል። የቀረው አይኤስኦ ፋይል ሆኖ ሲዲ ላይ በርን ይደረጋል።

ከመቀነሱ ይልቅ እኔ የማደንቀው መጨመር መቻሉን ነው። የኤክስፒ ሲዲ የሳታ ሃርድ ዲስክን ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ጭነቱ ሲጀምር ኤፍ 6ን ተጭኖ ድራይቨሩን በፍሎፒ መስጠት ግድ ነበር። ፍሎፒ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕስ ምን ይሁን? ድራይቨሩን አስቀድሞ ሲዲው ውስጥ መክተት ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀረ። ሰርቪስ ፓክ 3 የተባለው የማሻሻያ ጥቅልም አብሮ ይገባል።

ሲቀንሱ ግን ይጠንቀቁ፤ ከሲዲው የወጣን ክፍል ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን እንደገና ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ኤክስፒ ከኤፕሪል 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ፣ እባክዎ እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር አያገናኙት።