የሚያይ ጥይትና የሚፈርድ ሰው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦር መሣሪያ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኛም ርእሱን ስንመርጥ አስበንበታል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት፣ ስለ ብርሃንና ስለ ሞገድ የተማርነው ሁሉ በአንድ የመድፍ ጥይት ውስጥ ተሰብስቦ ስላገኘነው፣ ይልቁንም ይህ ጥይት ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን። የምንጠራቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድፍ ለብዙ ዘመን ዕውር መሣሪያ ነበር። ተኳሹ ርቀቱን አስልቶ፣ ነፋሱን ገምቶ ይተኩሳል፤ ጥይቱ ግን ከአፈ ሙዙ ከወጣ በኋላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝን አንድ ታንክ ለመምታት እጅግ ብዙ ጥይት ማዝነብ ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛው ጥይት ሜዳውን ሲያርስ ታንኩ ሳይነካ የሚቀርበትም ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ታንክ ደግሞ በፊቱ በኩል ወፍራም ብረት የለበሰ ነው፤ በጣራው በኩል ግን ብረቱ ስስ ነው። እንግዲህ መሐንዲሶች ከሰማይ ወደ ታች አይቶ፣ ታንኩን ለይቶ፣ ጣራውን የሚመታ ጥይት ለመሥራት ተነሡ።

አሜሪካውያን ሳዳርም የተባለውን ሠርተው በ2003 በኢራቅ ጦርነት ተኮሱት። ጀርመኖች ስማርት 155 የተባለውን፣ ስዊድኖችና ፈረንሳዮች ደግሞ በኅብረት ቦነስ የተባለውን ሠሩ። ከ2022 ጀምሮም በዩክሬን ጦርነት የዚህ ዓይነት ጥይቶች ተተኩሰዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጥይቱ ዲያሜትሩ 155 ሚሊ ሜትር ሲሆን በውስጡ ሁለት ትንንሽ ፈንጂዎችን ይዟል። ታንኮች አሉበት ከተባለው ስፍራ በላይ ሲደርስ ተከፍቶ ሁለቱን ይለቃቸዋል። የጀርመኑ በጃንጥላ ተንጠልጥሎ፣ የስዊድንና የፈረንሳዩ በትንንሽ ክንፎች እየተመራ፣ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይወርዳል። በሚሽከረከርበት ጊዜም ሴንሰር የሚባለው የማያ መሣሪያው ከታች ያለውን መሬት ዙሪያውን ይቃኛል።

ይህ ዓይን አንድ ብቻ አይደለም። በጀርመኑ ውስጥ አንደኛው መሣሪያ ኢንፍራሬድ የተባለውን ለሰው ዓይን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ የሞተሩን ሙቀት ያውቃል። ሁለተኛው ራዳር ሲሆን አጫጭር ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል። ሦስተኛው ምንም ሳይልክ ከምድር የሚመጣውን ሞገድ ብቻ ያዳምጣል፤ ብረት ቀዝቃዛውን ሰማይ እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ፣ በዚህ መሣሪያ ሲታይ በሞቃት መሬት መካከል እንደ ቀዝቃዛ ነገር ሆኖ ይለያል። እነዚህ ሁሉ ሲስማሙ ፈንጂው ይፈነዳል፤ በፊቱ ያለውን የብረት ሳሕን በቅጽበት ቀጥቅጦ እንደ ዐረር ያደርገውና በሰከንድ ወደ 2 ሺህ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ታንኩ ጣራ ይልከዋል። ይህም ከድምፅ ፍጥነት አምስት እጥፍ ይበልጣል። የሚፈልገውን ካላገኘ ግን ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሳሕኑ የሚሠራበት ብረት ታንታለም ይባላል። ታንታለም በአገራችንም በቀንጢቻ የሚገኝ ማዕድን ነው፤ በእጃችን በምንይዘው ስልክ ውስጥም ይገኛል። ብረቱ ለስልክም ለጥይትም ያው ነው፤ የሚለየው ሠሪው ያሰበለት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። በየቦታው ብዙ ትንንሽ ፈንጂዎችን የሚበትነውን ክላስተር ቦምብ የሰሙ በመካከላችን ብዙዎች ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በመቀሌ ከተማ በአይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው የወደቀው የዚህ ዓይነት ቦምብ ነበር፤ እንደ እኛ ደብተር ይዘው የወጡ ልጆችና ሊረዷቸው የሮጡ ሰዎች ሞቱ። የዚህ መሣሪያ ክፋት የሚገድለውን አለመለየቱ ነው፤ ሳይፈነዳ የቀረውም ከጦርነቱ በኋላ እረኛውንና ገበሬውን ይጠብቃል። ስለዚህ በ2008 በደብሊን ከተማ ብዙ መንግሥታት ይህን መሣሪያ በውል ከለከሉ፤ ውሉም በ2010 ጸና።

ውሉ ግን የነገርናችሁን የሚያይ ጥይት በክልከላው ውስጥ አላገባውም። ይኸውም አምስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፈንጂዎች ከ10 ያነሱ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድን ዒላማ ለይተው እንዲመቱ ሲሠሩ፣ ራሳቸውን የሚያጠፉበት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲኖራቸው፣ እርሱም ቢሳሳት የሚያመክናቸው ሌላ የኤሌክትሮኒክ ብልሃት ሲኖር ነው።

በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፣ "ይህ ጥይት ከዕውሩ ይሻላል፤ ጥቂት ተተኩሶ ሥራውን ይፈጽማል፤ ሰው ተቆጥቶ ወይም ደክሞ እንደሚሳሳት አይሳሳትም" አልን። ሌሎቻችን ደግሞ እንዲህ ስንል መለስን፤ "አንድ ታንክ በመንገድ ላይ ቆሟል እንበል። በውስጡ የነበሩት ወታደሮች ወጥተው እጃቸውን ሰጥተዋል፤ ነጭ ጨርቅም አውለብልበዋል። ነገር ግን ሞተሩ ገና አልበረደም፤ ብረቱም ያው ብረት ነው። ከላይ የሚወርደው ፈንጂ ምን ያያል?"

ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም ዝም አልን። ምክንያቱም መልሱን እናውቀዋለንና ነው፤ የሚያየው ታንክ ብቻ ነው። ሙቀቱን ይለካል፣ ብረቱን ይለያል፤ ነጩን ጨርቅ ግን አያውቀውም። እጁን የሰጠን ሰው መግደል ደግሞ በዓለም ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያም በ1994 የተቀበለችው የ1977 የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ይህንኑ ይደነግጋል።

አባቶቻችን "ልብ ካላየ ዓይን አያይም" ይላሉ። እኛም ከክርክራችን በኋላ የተስማማነው በዚሁ ነው። መሐንዲሶች ለጥይት ዓይን ሰጡት፤ ልብ ግን ሊሰጡት አልቻሉም። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ማን እንዳለ መጠየቅ፣ መንደር ወይም ስደተኛ የሚያልፍበት መንገድ እንደሆነ ማጣራት፣ ሲያጠራጥርም መተው፣ ይህ ሁሉ የሚተኩሰውና የሚያዝዘው ሰው ግዴታ ሆኖ ይቀራል። ጥይቱ ከአፈ ሙዙ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለምና ፍርዱ ከመተኮሱ በፊት መፈጸም አለበት። "መሣሪያው ራሱ ይለያል" ብሎ ጥያቄውን የሚተው አዛዥ ግን፣ ጥይቱ ዓይን ቢኖረውም፣ እርሱ እንደ ቀድሞው በጭፍን መተኮሱ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ መኰንን፣ የሕግ ባለሙያም የሚሆን አይጠፋም። ትምህርቱን በርትተን እንማር፤ ከፎርሙላው ጋር ግን "ለምን? በማንስ ላይ?" ብሎ መጠየቅንም አብረን እንማር።