የመኪና ማሞቂያ ማራገቢያ እምቢ ሲል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣላችሁ የፈለግነው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። በመኪና ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ጋቢና ከሚቀመጠው ተሳፋሪ እግር በላይ ተደብቆ አየር የሚገፋ ማራገቢያ አለ፤ ብዙዎቻችን ፋን የምንለው ነው። አዳማ ላይ ቢበላሽ ሰው መስኮት ከፍቶ ይሄዳል። እዚህ ሳጉሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በክረምት ጉሙ መንገዱን ሲሸፍን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ሲያድር፣ ማራገቢያው የማይሠራ መኪና ዐይኑ እንደታሰረ ይቆጠራል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው በሞላው ሚኒባስ ውስጥ የሁሉም ትንፋሽ እርጥበት አለው። ያ እርጥበት ቀዝቃዛውን የፊት መስታወት ሲነካ ጠል ሆኖ ይለጠፋል። ሞቅ ያለ ነፋስ ካላደረቀው ሾፌሩ በአንድ እጁ እየጠረገ፣ በአንድ እጁ ይነዳል። ከአሰላ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬ ቦቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ማን አለ? ተማሪ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ገበያ የምትወጣ እናት አለች። ኃይሌን፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያወጣ አገር ነውና ጎሕ ሲቀድ የሚሮጥ ወጣትም አለ። እንግዲህ የማራገቢያው ጉዳይ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ እምቢ ሲል ምን ይደረግ? ብዙ ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ወዲያው ሌላ ሞተር ሊገዛ ይሮጣል። እኛ የምንለው፣ ከርካሹ ተነሥቶ ወደ ውዱ በተራ ይፈተሽ ነው።

1ኛ፤ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን እዩ። ፊውዙ ከተቃጠለ በልኩ ይተካ። ዳግመኛ ከተቃጠለ ግን አንድ ቦታ የሚነካካ ሽቦ ወይም የከበደው ሞተር አለ ማለት ነው። ኧረ በሽቦ ልቀጥለው አትበሉ! ፊውዝ የተሠራው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። እሱ ካልተቃጠለ መኪናው ይቃጠላል።

2ኛ፤ ትንንሾቹ ፍጥነቶች ጠፍተው ትልቁ ብቻ ከሠራ ሞተሩን አትንኩ። በማብሪያ ደረጃ በደረጃ በሚሠሩት መኪኖች ላይ ጥፋቱ በአብዛኛው የሬዚስተሩ ነው፤ ትልቁ ፍጥነት በሬዚስተሩ አያልፍምና። ሬዚስተሩ የሚቀዘቅዘው በራሱ በማራገቢያው ነፋስ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ሞተሩ እየከበደ ወይም ነፋሱ እየታፈነ እንደሆነ ጠርጥሩ።

3ኛ፤ ፊውዙ ደኅና ሆኖ ካልዞረ የሞተሩን ሶኬት ንቀሉ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነ በሽታው እዚያው ነው። ደኅና ከሆነ ማብሪያውን ትልቁ ፍጥነት ላይ አድርጋችሁ በሶኬቱ ሁለት ጫፎች መካከል የሙከራ አምፖል አገናኙ። አምፖሉ እንደ መኪናው ባትሪ 12 ወይም 24 ቮልት ይሁን። ደምቆ ከበራ የታመመው ሞተሩ ነው። ካልበራ ወይም ከፈዘዘ ጥፋቱ ከሞተሩ በፊት ነው፤ ማብሪያውን፣ ሽቦውንና ማሳውን ፈትሹ።

4ኛ፤ የሞተሩን ቤት ቀስ ብሎ መታ ሲያደርጉት የሚነሣ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። ዛሬ ቢነሣም ነገ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ይሠራ።

5ኛ፤ ሞተሩ እየጮኸ ነፋሱ ካነሰ ቅጠል፣ ገለባ ወይም የአይጥ ጎጆ ገብቶ ይሆናል። የአየር ማጣሪያ ያለው መኪና ከሆነም ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከማጽዳት በቀር ብዙ ወጪ የለውም።

6ኛ፤ ነፋሱ እያለ ሙቀቱ ከጠፋ ማራገቢያው ንጹሕ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ ወይም ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ አትክፈቱ። በእኛ ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ክዳኑ ሲከፈት ፈንቅሎ ፊት ያቃጥላል።

እስኪጠገን ድረስ መስኮት በጣት ልክ ይከፈት፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ይደረግ፣ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅም አይጥፋ። መስታወቱ ከተሸፈነ ቦታ መርጦ መቆም ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

በመጨረሻም ለተሳፋሪዎች አንድ ቃል አለን። ሾፌሩ ዳር ይዞ መስታወት ሲጠርግ «ቶሎ በል፣ ረፈደብን» የምንለው እኛው ነን። አሰላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለውም ቢሆን አምስት ደቂቃ ይታገሥ። ሳያይ የሚነዳ ሲገጥመን ግን «ወንድሜ፣ ቁም!» ማለት መብታችንም ግዴታችንም ነው።