የልብ ሕሙማንን ጭንቀት ስለሚያቀል ማስታመም

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር)



ድውይን መጠየቅ ለክርስቲያን የታዘዘ ምግባር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን መጠየቅም ዕውቀት ይሻል፤ ያለ ዕውቀት የተደረገ ጥየቃ ሕሙሙን ያስጨንቀዋልና። ይህም ከሁሉ ይልቅ በልብ ሕሙም ላይ ይታያል።

ደም የሚያዘዋውረው ብልት ልብ ይባላል፤ የአሳብና የፍርሃት ማደሪያም ልብ ይባላል። ባለቅኔ በዚህ ቃል ሰምና ወርቅ ይሠራበታል፤ በሕሙም ዘንድ ግን ሰሙና ወርቁ አይለያዩም። ሰው በፈራ ጊዜ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፥ የደሙ ግፊት ከፍ ይላል፥ ልቡም ከወትሮው የበዛ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ በደከመ ልብ ላይ ግን በሸክም ላይ ሸክም ይሆንበታል። ትንፋሽ ሲያጥር ፍርሃት ይመጣል፥ ፍርሃትም መልሶ ትንፋሽን ያሳጥራል። እንግዲህ ጭንቀትን ማቅለል የልብን ሸክም ማቅለል ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 በሎንዶን የነርሶች ትምህርት ቤት ያቋቋመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል፥ ሥጋትና የሚመጣውን አለማወቅ ሕሙምን ከድካም ይልቅ እንደሚጎዱት አስተምራለች። ከ1962 ወዲህም በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ የልብ ሕሙማን በተለየ ክፍል ተኝተው የልባቸው ምት ቀንና ሌሊት በመሣሪያ ይጠበቅ ጀመር። መሣሪያው ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ድምፁ ግን ሕሙሙን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ነገሩን የሚተረጉምለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ነርስ ነው።

ብልህ ነርስ መርፌ ሳትወጋ አስቀድማ የምትሠራውን ትናገራለች። መሣሪያው ሲጮኽ «ሽቦው ስለ ላላ ነው እንጂ ልብዎ ደኅና ይመታል» ብላ እውነቱን ታስረዳዋለች። ትንፋሽ ያጠረውን በትራስ ደግፋ ቀና ታደርገዋለች። ስትሄድ የምትመለስበትን ሰዓት ትነግረዋለች፥ በተናገረችውም ሰዓት ትመለሳለች። ደረቴን አመመኝ ቢላት ፍርሃት ነው ብላ አትንቀውም፤ ፈጥና ለሐኪም ታስታውቃለች እንጂ። ይህ ሁሉ የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ ሕሙሙ መድኃኒቱን ተረጋግቶ እንዲቀበል ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችና ወጣቶች ከጉሮሮ ሕመም በሚነሣ ትኩሳት ቫልቭ የሚባለው የልባቸው በር ይበላሽባቸዋል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱም የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት እንዲወጉ ይታዘዝላቸዋል። እነዚህ በቤታቸው ሲተኙ አስታማሚዎቻቸው ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ጠያቂው ግን በዝቶ አልጋውን ይከባል፤ አንዱ ያለቅሳል፥ ሌላው በዚሁ ሕመም ስለ ሞተ ሰው ያወራል፥ ዘመድም በበር ቆሞ ይንሾካሾካል። ሕሙሙም ሞቱን ከፊታቸው ያነባል።

ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ መግባት፥ ጥቂት ተቀምጦ መውጣት፥ ለጠየቀው ነገር እውነቱን በለዘበ ቃል መመለስ ይገባል። ደረቱን አጥብቆ ቢያመው ወይም ትንፋሹ ቢጨንቀው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ካህኑም ሲጸልይለትና ጠበል ሲያጠምቀው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይምከረው፤ ጸሎትና መድኃኒት ባላንጣዎች አይደሉምና።

ደብሩ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት የሕሙማን ጠያቂዎችን መርጦ በየተራቸው ቢመድብ፥ ለበዓሉ የሚገባ ሥራ ይሆናል። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለአስታማሚዎችም ትዕግሥትን ይስጥ። አሜን።